የማይተኛው መንደር

«ንቁ» የምትለዋን ቃል በአንድ ጠዋት አሥራ አራት ጊዜ በታይፕ መትቻታለሁ። የቆጠርኩት ወድጄ አይደለም፤ የጽሕፈት መኪናዬ «ቀ» ስለምትጣበቅ በመታኋት ቁጥር በጥፍሬ እየፈለቀቅኩ ነበር የምቀጥለው። አሥራ አራት ጊዜ ጥፍር ያስፈለቀቀ ቃል ደግሞ አይረሳም። ያን ጊዜ ግን ይህች ቃል ከጥፍሬ አልፋ እንጀራዬንም ልትፈለቅቀው እንደሆነ ማን ነግሮኝ!

ጋምቤላ ክልል የሆነች ሰሞን ነው። ሁሉ ነገር አዲስ ነበር፤ ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ የኃላፊዎቹ ቁጣ ሳይቀር አዲስ። አሮጌው ሙቀቱ ብቻ ነው። በየሳምንቱ ከላይ አንድ ወረቀት ይመጣል፣ እኔ በስቴንስል አባዛዋለሁ፣ ቀለሙ እጄ ላይ ይቀራል፣ ወረቀቱ የት እንደሚቀር ደግሞ እግዜር ይወቀው። የዚያን ቀን የመጣው «ንቁ መንደር» ይላል። መንደሮች ሁሉ ይነቃሉ፣ ይደራጃሉ፣ ቤታቸውን በመስመር ይሠራሉ፣ መጸዳጃ ይቆፍራሉ፣ ኮሚቴ ያቋቁማሉ፣ ከዚያ ይገመገማሉ። ከሁሉ በልጦ የነቃው መንደር የውሃ ጉድጓድ ተቆፍሮለት የእጅ ፓምፕ ይተከልለታል።

ፓምፑ ግን አንድ ብቻ ነበር። ቢሮው ግቢ ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ተጋድሞ ይውላል፤ የዘበኛው ዶሮ ከሥሩ ዕንቁላል ትጥል ነበር። እኔም አንዳንድ ጠዋት ከመግባቴ በፊት እጄን ሰደድ አድርጌ ቁርሴን አወጣለሁ። ዘበኛው ይህን ካነበበ ይቅር ይበለኝ፤ እባብ ነው የሚበላው እያለ ስንት ዱላ አዘጋጅቷል።

ኃላፊያችን የደጋ ሰው ነበሩ፤ ወፈር ያሉ፣ ላባቸውን በፎጣ እየጠረጉ የሚናገሩ፣ ክፋት የሌለባቸው፣ ንግግር ግን ነፍሳቸው። መፈክርም ነበራቸው፤ «ልማት እንቅልፍ አይወድም!» ስብሰባ ሲከፍቱ ይሏታል፣ ሲዘጉ ይሏታል፣ ሻይ ሲያዙም ጣል ያደርጓታል። የጋምቤላ መሥሪያ ቤት ደግሞ ስድስት ሰዓት ግድም ይዘጋና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሚከፈተው። በመሀል ያለው ሰዓት የፀሐይ ነው፤ ሰው አይነካውም። እሳቸውም በዚያ ሰዓት አንሶላቸውን ውሃ ነክረው፣ ሲሚንቶው ላይ አንጥፈው ለጥ ይላሉ። ከየት አወቅሽ ብትሉኝ የነገሩኝ ባለቤታቸው ናቸው፤ «አንሶላ ጨረሱብኝ እኮ!» እያሉ ሲያማርሩ።

እኔ ማን ነኝ? የሰፋሪ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ በድርቁ ዘመን ከወሎ ተጭነው እዚሁ ጋምቤላ፣ አቦቦ የወረዱ ናቸው። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ የሰፈራ ጣቢያው ሲሰለቸኝ አልዌሮ ወንዝ እየሄድኩ ከአኙዋ ልጃገረዶች ጋር ልብስ ሳጥብ፣ ስዋኝ፣ ስጣላ ነው ያደግኩት። አኙዋኛዬን የለቀምኩት ከዚያ ነው። የወንዝ ዳር ቋንቋ ነው፤ ለመሳደብ፣ ለመደራደር፣ ዓሣ ለመለመን ይበቃል። ፖሊሲ ለመተርጎም እንደማይበቃ እኔም አውቅ ነበር። ግን የቢሮው አስተርጓሚ ወባ ጣለው፣ ኃላፊያችን በሩ ላይ ቆመው «አንቺ፣ ቋንቋ ትችያለሽ አይደል?» አሉኝ፣ እኔም ከዚያች ምድጃ ከመሰለች ክፍል ለመውጣት ስል «በሚገባ!» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መልሰህ አትይዘውም።

የሄድንበት መንደር ከከተማው ወደ ታች የባሮ ወንዝን ይዞ ነው። ጎጆዎቹ እንደ ልባቸው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ወደ ወንዙ ያያል፣ አንዱ ጀርባውን ሰጥቶታል፣ መስመር የሚባል ነገር የለም። ግቢው ግን በጭቃ ተለስኖ፣ ተጠርጎ፣ እህል ቢደፋበት የሚታፈስ ነው። ኃላፊያችን ገና ከመኪና ሲወርዱ «በመስመር አይደለም» ብለው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ።

እኔ ፊቴን ልታጠብ ወደ ወንዙ ወረድኩና ያቺን ሴት አየኋት። ዳር ላይ ቆማ ረጅም ጦር ይዛለች። ሦስት ልጃገረዶች ጄሪካን ይሞላሉ፤ እሷ በጦሩ እጀታ ውሃውን ጧ! ጧ! እያደረገች ትመታለች፣ ዓይኗን ከውሃው ላይ አትነቅልም። ስጠጋ ሳታየኝ «ወደ ኋላ!» አለችኝ። እኔም ወግ ነው ብዬ «ምን ትጠብቂያለሽ?» አልኳት።

ውሃ ስትቀዳ ከነበረችው አንደኛዋ ቀስ ብላ ነገረችኝ። የሴትዮዋን ትልቋን ልጅ አዞ ወስዷታል። በቀትር ነው፤ መንደሩ ሁሉ በተኛበት ሰዓት። ልጅቱ ውሃ አለቀ ብላ ብቻዋን ወረደች፤ እናት ማንጎ ጥላ ሥር ተኝታ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ሴትዮዋ በቀትር ተኝታ አታውቅም። ሁለተኛዋን ልጇን፣ አሥር ዓመት ያልሞላትን፣ ውሃ ቀጂዋ በጣቷ አሳየችኝ፤ ከሁሉ አጭሯ፣ ከሁሉ ትልቁን ጄሪካን የያዘችው እሷ ናት። ፊቴን ሳልታጠብ ተመለስኩ። አፍሬም ነበር፣ ፈርቼም ነበር፤ ከሁሉ በላይ ግን ያ ኒም ዛፍ ሥር የተጋደመው ፓምፕ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ዕንቁላሉም አብሮ።

ስብሰባው ማንጎ ዛፍ ሥር ሆነ። የመንደሩ አለቃ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋያቸውን፣ ያቺን ውሃ ያለባትን የትምባሆ ፒፓ፣ እያንቦቀቦቁ ያዳምጣሉ። አማርኛ ይሞክራሉ፤ ድሮ መንገድ ሥራ ካምፕ የለቀሙት ነው። አንድ ጠባይ ግን አለው፤ በሳቸው አማርኛ ወንድ የሚባል ፍጥረት የለም። ኃላፊያችንን እጃቸውን ዘርግተው «እንዴት ነሽ? ደህና ገባሽ?» ሲሏቸው ከንፈሬን ነክሼ ነው የተረፍኩት። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው «አንተ» እና «አንቺ»ን ማቀያየሩ እዚህ አገር የተለመደ ነው፤ ማንም አይቀየምም። እኔ ግን የሽማግሌውን ዓይን ባየሁ ቁጥር ስህተቱ ስህተት መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ኃላፊያችን ጀመሩ። «ልማት እንቅልፍ አይወድም! መንግሥታችን የሚፈልገው ንቁ መንደር ነው!» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

ንቁ። እንግዲህ ንቁን በአኙዋኛ ምን ልበለው? ብልህ ልበል? ሽማግሌ ፊት ቆሞ ብልህ ሁኑ ማለት እስከ ዛሬ ሞኝ ነበራችሁ ማለት ነው። ፈጣን ልበል? በዚህ ሙቀት ማን ይፈጥናል! ከልጃገረዶቹ ጋር ስንዋኝ የምንባባለውን አሰብኩ፤ እሱ ስድብ ነው። ላቤ ወረደ። ኃላፊያችን በፎጣቸው እየጠረጉ «በይ እንጂ!» ይላሉ። ያቺ መፈክራቸው ናት ያዳነችኝ፣ ወይም ያጠፋችኝ። ዓይኔን ጨፈንኩና «መንግሥት የሚፈልገው የማይተኛ መንደር ነው። የማይተኛው መንደር ፓምፕ ይሰጠዋል» አልኩ።

መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ፓምፕ የምትለዋ ቃል ገባቻቸውና ጠጋ ጠጋ አሉ። ሽማግሌው ጋያቸውን አወረዱና ጠየቁኝ፤ «ቀን ነው ወይስ ሌሊት?»

እኔም እንዳስተርጓሚ ለኃላፊያችን አደረስኩ፤ «ቀን ነው ሌሊት ይላሉ።»

«ቀንም ሌሊትም!» አሉ ኃላፊያችን ደስ ብሏቸው። «ንቃት ሰዓት አለው እንዴ! በተለይ ቀን፣ በሥራ ሰዓት!»

ተረጎምኩ። ሽማግሌው ጋያቸውን መልሰው አንዴ ሳቡ። ከዚያ በአኙዋኛ፣ «ሌሊቱን ይተዉልን፤ በጨለማ ማን መጥቶ ያየናል? ቀኑን እንሞክራለን» አሉ። እኔ «እንሞክራለን ብለዋል» ብዬ አሳጠርኩት። ኃላፊያችን አጨበጨቡ። ያን ጊዜ ባለጦሯ ሴት ከኋላ ተነሳች። «የማይተኛ ሰው ነው ፓምፕ የሚያገኘው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እኔ ጀምሬያለሁ» አለችና ጦሯን ይዛ ወደ ወንዙ ሄደች። ኃላፊያችን «ምን አለች?» አሉኝ። «ተነቃቅታለች» አልኳቸው። ውሸት ነው ልትሉኝ ትችላላችሁ?

በሦስተኛው ሳምንት ቅጽ አድርሺ ተብዬ ከሾፌሩ ጋር ተላክሁ። የደረስነው ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት እንኳን ሰው ውሻም ዓይኑን አይገልጥም። መንደሩ ስንገባ ግን ሁሉም ቆሟል! ሽማግሌ፣ ባልቴት፣ ሕፃን ያዘለች፣ ሁሉም በየደጁ ቆሞ ዓይኑን አፍጥጧል። ዓይናቸው ቀልቷል፤ እንቅልፍ ማጣት ያላቃጠለው ሰው የለም። ማንጎው ቅርንጫፍ ላይ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ተንጠልጥሏል፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ቆሞ የሚያንቀላፋ ሲያዩ በብረት ጓ! ያደርጉታል። ማንቀላፋት የበረታበት ደግሞ መዝሙር ይመራል። አንድ ጎልማሳ ቆሞ እየዘመረ ሲያንኮራፋ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ዜማውን ግን አልሳተም።

ወይ ጉዴ! ያኔ ነው የገባኝ። ሮጬ ወደ ሽማግሌው ሄድኩና «ስህተት ነው፣ ቃሉን እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ መተኛት ተፈቅዷል!» አልኳቸው። መጸዳጃውን፣ መስመሩን፣ ኮሚቴውን ዘረዘርኩላቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«ቤታችንን በመስመር ብናደርግ» አሉ በመጨረሻ፣ «ነፋሱ ከወንዙ ሲመጣ የመጀመሪያው ቤት ይበላዋል፤ የኋላው ይታፈናል። ይህን የጻፈው ሰው ሞቆት አያውቅም። መንገድ ዳር ያለው መንደር በመስመር ሠርቷል፣ ድንጋዩንም ኖራ ቀብቷል አሉ። በሱ አንበልጣቸውም። ባለመተኛት ግን ማንም አይበልጠንም።»

ባለጦሯ ሴት ከወንዙ ወጥታ ሰምታን ኖሯል። ክንዴን ያዘችኝ። «ቃሉን አታስተካክዪ» አለችኝ። «እኔ ብቻዬን ስጠብቅ ሁለት ክረምት አለፈ። አሁን መንደሩ ሁሉ አብሮኝ ይጠብቃል። ፓምፑ ባይመጣ እንኳ እስኪቀር ድረስ ልጄን የሚያዩልኝ ዓይኖች በዝተዋል።» ቃሉን እንዳለ ተውኩት። መኪና ውስጥ ገብቼ እንባዬ መጣ፤ ሾፌሩ «አቧራ ነው?» አለኝ፣ «አቧራ ነው» አልኩት።

የግምገማው ቀን ደረሰ። ገምጋሚዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሰብሳቢው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ቀጭን፣ ጥቁር ጫማው የሚያብለጨልጭ ሰው ነው። ኃላፊያችን ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ማለዳ ልንደርስ ነበር፤ መኪናው አሸዋ ውስጥ ገብቶ ጎማው ሲሽከረከር አረፈደና በቀትር ደረስን። መንደሩ እንደ ልማዱ ቆሟል። ሽማግሌው እንግዶቹን ማንጎው ጥላ ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀመጧቸው። ነጭ ዓሣ ተጠብሶ መጣ፣ የማሽላ ገንፎ መጣ፣ ማር መጣ። ግምገማው ከምሳ በኋላ ይቀጥላል ተባለ። እግዜር ያሳያችሁ፤ ቀትር፣ ማንጎ ጥላ፣ ዓሣ፣ ማር፣ ከወንዙ የሚመጣ ነፋስ!

መጀመሪያ የሄዱት ኃላፊያችን ናቸው። «ልማት…» ብለው ጀመሩና አገጫቸው ደረታቸው ላይ አረፈ። ሁለቱ ገምጋሚዎች ተከተሏቸው። ሰብሳቢው ታገለ፤ እስክሪብቶውን ይዞ፣ ቅጹ ላይ አንድ ቃል ጀምሮ፣ ቃሉ መጨረሻው ላይ እየተጣመመ እስከ ወረቀቱ ጫፍ ወረደ። ከዚያ እሱም ተጋደመ፤ ጫማው አቧራ ውስጥ ገባ።

መንደሩ ሁሉ ቀስ ብሎ መጥቶ ዙሪያቸውን ከበበ። መቶ የቀላ ዓይን አራት ተኚ ያያል። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የኃላፊያችን አፍ ግን ተከፍቶ ነበርና ባለጦሯ ሴት አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ዝንቡን በቅጠል እሽ ትልላቸዋለች። አንድ ሕፃን ሊስቅ ሲል እናቱ አፉን ያዘች። ሽማግሌው ወደ ጆሮዬ ተጠግተው «ልጄ፣ እነዚህን ደግሞ ማን ይገመግማቸዋል?» አሉኝ። ሆዴን ይዤ ከማንጎው ግንድ ጀርባ ሄድኩ፤ ሳቄ መውጫ አጥቶ ሊገድለኝ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ቸርኬውን ጓ! ጓ! አደረጉት። አራቱም ዘለው ተነሱ። ኃላፊያችን አንዴ ወደ ሰማይ አንዴ ወደ እኛ አይተው «እያሰብን ነበር» አሉ።

«አንቺ ተኝተሻል» አሏቸው ሽማግሌው በአማርኛ፣ በፍጹም ትሕትና። «ሦስታቸውም ተኝተሻል።»

ሰብሳቢው ፊቱን ጠረገና ዙሪያውን አየ። «ቆይ፣ እናንተ ከመጣን ጀምሮ ለምንድነው የቆማችሁት? አንድ ሰው እንኳ ሲቀመጥ አላየሁም» አለ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ፤ ኃላፊያችንም ዞሩ፤ መቶው ዓይንም ዞረ። ለቢሮው ሌላ ታይፒስት ማግኘት ዓሣ ከመግዛት ይቀልል ነበር። ግን መደበቂያ የለም። «ንቁን የማይተኛ ብዬ ተረጎምኩት» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቀኑን፣ ሌሊቱን፣ ቸርኬውን፣ መዝሙሩን።

«በመንግሥት ቃል ቀለድሽ!» አሉ ኃላፊያችን፤ ከእንቅልፍ የተነሳ ቁጣ ደግሞ ክፉ ነው። «ነገ መኪናሽን ታስረክቢያለሽ!» የጽሕፈት መኪናዬን ማለታቸው ነው፤ «ቀ» የምትጣበቀውን።

ሰብሳቢው እጁን አነሳና አስቆማቸው። «መጀመሪያ መተኛት ያቆመው ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን አስቦ እንደጠየቀ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት እንዲያው ጊዜ ለማግኘት ነው። ሰዉ ባለጦሯን ሴት ወደ ፊት ገፋት። እሷም ቅጠሉን ጣለችና ተናገረች፤ እኔም ተረጎምኩ። ያን ቀን አንዲት ቃል አልጎደለችብኝም፤ የወንዝ ዳር ቋንቋ ነበርና።

«ወረቀታችሁ ከመምጣቱ በፊት ነው የተውኩት» አለች። «ልጄን አዞ ሲወስዳት ተኝቼ ነበር። ጩኸቷን የሰማሁት በሕልሜ መስሎኝ ነው። አንዲት ልጅ ቀርታኛለች፤ በቀን አራት ጊዜ ወንዝ ትወርዳለች። እናንተ የማይተኛ ስትሉ እኔን የምትሉ ነበር የመሰለኝ። እኔን ካልሆነ ማንን ነበር?»

ሰብሳቢው ወደ ቅጹ አየ፤ በእንቅልፍ የተጣመመችው ቃል እዚያው አለች። ያኔ ሽማግሌው በርጩማቸውን ሳቡና አጠገቡ ተቀመጡ፤ መንደሩ መተኛት ካቆመ ወዲህ በቀትር ሲቀመጡ ማየቴ የመጀመሪያዬ ነው። አማርኛቸውን እየመረጡ፣ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፤ «በእኛ አገር እንግዳ ሲተኛ አይወራበትም። ነውር ነው። እኛ አናወራም። አንቺም ስለ እኛ ደህና ጻፊ። ይህችን ልጅ ካባረራችሁ ግን» ወደ እኔ ጠቆሙ፣ «ምን ይደረጋል፣ ሴቶቹ ከተማ ዓሣ ይዘው ሲሄዱ አፋቸውን መያዝ አልችልም።»

እኔ ፖለቲካ የሚባለውን ነገር በስንት ሥልጠና፣ በስንት ሰነድ ሲያብራሩት ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች ቀን ግን ጥርት ብሎልኝ አያውቅም። ሰብሳቢው ሳቀ፤ መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ በሆዱ። ኃላፊያችን ሳይወዱ በግድ ተከተሉት። ቅጹ ላይ ምን እንደተጻፈ ያየሁት ማግስቱን ስመታው ነው፤ «የነዋሪው የንቃት ደረጃ፦ እጅግ ከፍተኛ፤ ገምጋሚው ኮሚቴ በአካል አረጋግጧል።» መኪናሽን አስረክቢ ያለኝም የለም።

ፓምፑ ከዝናቡ በፊት ተተከለ። ቆፋሪዎቹ ውሃ ሲያገኙ ባለጦሯ ሴት መጀመሪያ አልቀመሰችም፤ ልጇ የፓምፑን ክንድ ይዛ ወደ ታች ስትስበው፣ ውሃው ሲወርድ፣ ዝም ብላ ዙሪያውን አየች። በውሃ አጠገብ ቆማ ጦር ያልያዘችበትን ቀን ያየሁት ያን ቀን ነው። መንደሩ መግቢያ ላይ «ንቁ መንደር» የሚል ታፔላ ተተከለ፤ ሽማግሌው ቆርቆሮውን ለጎጆ ክዳን መደገፊያ ይሆናል ብለው ዓይናቸውን ጣሉበት።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። በሚቀጥለው በጋ «የንቁ መንደሮች ክትትል» የሚል ሌላ ወረቀት መጣ። ኃላፊያችንና እኔ ሄድን፤ አስተርጓሚው ድኖ ነበር፣ ግን «አንቺ ትሻያለሽ፣ ያስለመድሻቸው አንቺ ነሽ» አሉኝ በምጸት። አሁንም ቀትር ላይ ደረስን። ሆን ብለው ይሆን አላውቅም።

መንደሩ ተኝቷል። ኧረ እንዴት ያለ መተኛት! ሽማግሌው ጋያቸውን ታቅፈው ማንጎው ሥር ተጋድመዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ከቸርኬው በታች ያንኮራፋሉ። ውሾቹ ቀና ብለው አይተውን መልሰው ተኙ። ኃላፊያችን ማስታወሻቸውን አወጡ፤ ፊታቸው ቀላ። «ይኸው! ፓምፑን ካገኙ በኋላ! ይህ ነው ንቃት?» እያሉ ወደ ፓምፑ ገሰገሱ።

ፓምፑ አጠገብ፣ በእርጥቡ ጥላ ላይ፣ ባለጦሯ ሴት በጀርባዋ ተዘርግታ ተኝታለች። ጦሯ ከጎጆው ክዳን ላይ ተሰክቷል፤ የታጠበ ልብስ ተሰጥቶበታል። አፏ በትንሹ ተከፍቷል። ልጇ ጎኗ ተቀምጣ ዝንቡን በቅጠል እሽ ትላለች። ኃላፊያችን ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ልጅቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ከሽማግሌው በተማረችው አማርኛ፣ በሹክሹክታ፣ «ዝም በዪ» አለቻቸው። «እናቴ ተኝታለች።»

ኃላፊያችን ቆሙ። አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ ሴትዮዋን፣ አንዴ ጦሩ ላይ የተሰጣውን ልብስ አዩ። ፎጣቸውን አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉ፤ ላቡን ብቻ ነው ብዬ አልምልም። ከዚያ በጫማቸው ጫፍ እየረገጡ ወደ መኪናው ተመለሱ። እኔም በጫፍ እየረገጥኩ ተከተልኳቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ቢሮ ገብተን ሪፖርቱን አጻፉኝ። ታፔላው ይነሳ አሉ፤ መታሁ። ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ድምፃቸው ቀነሰ። «ክትትል በተደረገበት ዕለት መንደሩ ሙሉ በሙሉ ተኝቶ ተገኝቷል» አሉ። መታሁና ጣቴን ቁልፎቹ ላይ እንዳደረግኩ ቀና አልኩ።

«ጋሼ፣ አንድ ቃል ብጨምርበትስ?»

«ምን የሚል?»

«በሰላም።»

ፎጣቸውን አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ በመስኮቱ ወደ ኒሙ ዛፍ፣ ፓምፑ ይጋደምበት ወደነበረው ባዶ ቦታ አዩ።

«ጨምሪ» አሉኝ።